ግድብ፣ ጠለፋ፣ ክትር፤ የወንዝና የመስኖ ቃላት ትምህርት ለይፋት ቆላ ገበሬዎች

የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች በሚያልፉበት በይፋት ቆላ የሚያርስ ሰው፣ ስለ ውሃ የሚነገረውን ቃል ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚመጣው የግብርና ባለሙያና ከእርሱ ጋር የሚመጣው መሐንዲስ ያንኑ ቃል ይዘው ሌላ ነገር ሲናገሩበት ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ ለአንድ ነገር ሁለት ስም ይኖረዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ባንድ ስም ይጠራሉ። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይምሰልዎ። በቃሉ ሳይግባቡ ሥራው ከተጀመረ፣ ድንጋዩ በማያስፈልግበት ቦታ ይካባል፤ ቦዩም ውሃ በማይደርስበት መሬት ላይ ይቆፈራል፤ የተፈረመው ወረቀትም ገበሬው ያላሰበውን ግዴታ ያመጣበታል። ስለዚህ ቃላቱን እያነሣን፣ እያንዳንዱ ሥራ ውሃውን ምን እንደሚያደርገው እንመልከት። ውሃን ማቆም፣ ማዞር፣ ማዝገም፣ ማሰራጨትና ማስወጣት አምስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱን ፈልጎ ሌላውን የሠራ ሰው ድካሙን ለጎርፍ ሰጠ ማለት ነው።

አስቀድሞ ስለ ውሃው አመጣጥ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የጣርማ በር ደጋ ግን ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ውሃው ይህን ሁሉ ቁልቁለት ባጭር መንገድ ስለሚወርድ፣ ሲመጣ ፈጥኖ ይመጣል፤ ሲሄድም ፈጥኖ ይሄዳል። በገደሉ ላይ ጉልበት ስላለው ትልልቅ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ቆላው ላይ ሲደርስ መሬቱ ስለሚደላደል ጉልበቱ ይደክምና የተሸከመውን ያራግፋል። አስቀድሞ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያም አሸዋውን ይጥላል፤ ቀጭኑን ደለል ግን ራቅ አድርጎ ይወስደዋል። የወንዙ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ የሚሄደው፣ ወንዙም አንድ ክረምት በዚህ ሌላ ክረምት በዚያ ካልሄድሁ የሚለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሦስት ቃላት እንለይ። ‹‹ጎርፍ›› የሚለው ቃል በአፋችን ሁሉን ይጠቀልላል። ባለሙያው ግን ‹‹እርሻዎን ጎርፍ መታው ወይ?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ ውሃው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይፈልጋል። ከጋራው ተዳፋት ወርዶ በማሳዎ ላይ ካለፈ፣ ‹‹ከጋራ የመጣ ጎርፍ ነው›› ብለው ይንገሩት። ወንዙ ራሱ በአልጋው ላይ ከፍ ብሎ ዳርቻውን ዘልሎ ከመጣ፣ እርሱ ‹‹ሙላት›› ነው። ‹‹ደራሽ›› ደግሞ በእርስዎ አገር ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ በድንገት ይዞት የሚመጣው ውሃ ነው። ይህን መለየት የሚያስፈልገው መድኀኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ከጋራ የሚመጣውን ጎርፍ ከማሳው በላይ ቦይ አውጥቶ መቀልበስ ይቻላል። ሙላትን ዳርቻውን በማጽናት ይከላከሉታል። ለደራሽ ግን ዋናው መድኀኒት ቀድሞ መስማትና ከመንገዱ ገለል ማለት ነው።

ደራሽ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ለማወቅ የድሬዳዋን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በከተማይቱ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ደራሽ ሆኖ መጣና ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በይፋት ቆላም ወንዞቹ ጠባያቸው ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ የውሃ መሳቢያ ሞተርዎን በወንዙ አልጋ ውስጥ አያሳድሩ፤ ከብትም በአሸዋው ላይ አያስመስጉ። ዛሬ ስልክ በየቤቱ ገብቷልና፣ በደጋው ካለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጋር ‹‹ዝናብ ሲበረታ ደውልልኝ›› ብሎ መዋዋል ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ጥበቃ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ቀላል ይመስላል፤ ዳርቻ ነው። ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን በወረቀት ላይ ‹‹ቀኝ ዳርቻ›› እና ‹‹ግራ ዳርቻ›› ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመሐንዲሶች ደንብ እንዲህ ነው፤ ፊትን ውሃው ወደሚሄድበት ወደ ታች አዙሮ መቆም ነው። በሮቢ ላይ ከሆኑ ጀርባዎን ለጣርማ በር ደጋ ሰጥተው፣ ፊትዎን ወደ አፋር በኩል ያዞራሉ ማለት ነው። ያን ጊዜ በቀኝ እጅዎ በኩል ያለው ቀኝ ዳርቻ ነው። ገበሬው ግን ብዙውን ጊዜ ውሃው ወደሚመጣበት ማየት ለምዷል፤ የሚያስፈራው ከዚያ ስለሚመጣ ነው። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ‹‹በግራ በኩል ያለው መሬቴ ተበላ›› ቢል፣ መሐንዲሱ በመዝገቡ የማዶውን ሰው መሬት ይጽፋል። ስለዚህ ማመልከቻ ሲያጽፉ ቀኝና ግራ ብቻ ብለው አይተዉት፤ ‹‹በመንገዱ ድልድይ ታች፣ በእገሌ ማሳ በኩል›› ብለው ምልክት ይጨምሩበት።

ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ ሁለት ዓይነት ዳርቻ አለ። በመታጠፊያው ውጭ ያለው የሚበላ ዳርቻ ነው፤ ውሃው በሙሉ ጉልበቱ እየመጣ ይገጨዋል። በውስጥ በኩል ያለው ደግሞ የሚሞላ ዳርቻ ነው፤ አሸዋና ደለል እየተጣለበት ይሰፋል። የሚሞላው ዳርቻ አዲስ መሬት ስለሚመስል ሰውን ያጓጓል። ማሾ ወይም ቲማቲም በበጋ ዘርቶ ከክረምት በፊት መሰብሰብ ይቻል ይሆናል፤ ቋሚ ተክል መትከልና ቤት መሥራት ግን አይገባም። ወንዙ ያስቀመጠውን ተመልሶ ይወስደዋል።

አሁን ብዙ ስሕተት ወደሚመጣበት ቃል፣ ወደ ‹‹ግድብ›› እንለፍ። በንግግር ውሃ ፊት የቆመ ነገር ሁሉ ግድብ ይባላል። እንበል አንድ ወጣት ባለሙያ ከአንድ ሽማግሌ ጋር በወንዝ ዳር ቆሞ ይነጋገራል።

‹‹አባባ፣ እዚህ ቦታ ላይ ምን ቢሠራልዎ ይወዳሉ?››

‹‹ግድብ ነዋ፣ ልጄ።››

‹‹ውሃውን ሊያቆሙት ነው ወይስ ወደ ማሳዎ ሊያዞሩት?››

‹‹ወንዝን ማን ያቆመዋል! መሬቴን እንዳይበላብኝ እንጂ።››

ሽማግሌው የፈለጉት ግድብ አይደለም፤ የዳርቻ መከላከያ ነው። ወጣቱ ሁለተኛውን ጥያቄ ባይጠይቅ ኖሮ ‹‹የግድብ ጥያቄ›› ብሎ ይጽፍና፣ ማመልከቻው ግድብ ወደሚጠናበት ክፍል ሄዶ ለብዙ ጊዜ ይቀመጥ ነበር። እርስዎም ባለሙያው ባይጠይቅዎ እንኳ፣ ከሥራው ስም ይልቅ ውሃው እንዲያደርግልዎ የሚፈልጉትን አስቀድመው ይናገሩ።

በትክክለኛው አነጋገር ግድብ ማለት ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ውሃውን የሚያጠራቅም ነው። ሲሞላ የተረፈውን የሚያሳልፍበት ‹‹ማስተንፈሻ›› ሊኖረው ግድ ነው፤ ማስተንፈሻ የሌለው ግድብ ራሱን ያፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ መስጠት የጀመረው የቆቃ ግድብ የዚህ ዓይነት ነው። አንዳንድ ሰው ‹‹አዋሽ በቆቃ ተገድቧልና ከእንግዲህ ጎርፍ የለም›› ይላል። የይፋት ወንዞች ግን ወደ አዋሽ የሚሄዱት ከቆቃ እጅግ በታች ነው፤ ቆቃ እነርሱን የሚይዝበት መንገድ የለም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ በአፋር ሞልቶ ብዙ ሕዝብ ያፈናቀለው ግድቦች ሳይኖሩ ቀርተው አልነበረም።

‹‹ጠለፋ›› ሌላ ነው። ስሙ በሰው ላይ ሲሠራ ወንጀል ቢሆንም በወንዝ ላይ ሲሆን መልካም ሥራ ነው። ጠለፋ ውሃውን አያጠራቅምም፤ ጥቂት ከፍ ያደርገውና ከፊሉን ወደ ቦይ ያስገባዋል፤ የቀረው በላዩ ዘልሎ በወንዙ መንገዱን ይቀጥላል። ገበሬው በየዓመቱ በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በአፈር የሚሠራው የቆየው ጠለፋ ትልቅ ሙላት ሲመጣ ይፈርሳል። ይህ ድክመት ብቻ ሆኖ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ጥበብም እንዳለበት አምናለሁ። ጠለፋው ሲፈርስ ኀይለኛው ውሃ ከወንዙ አይወጣም፤ ቦዩም ማሳውም ከጥፋት ይድናል፤ ድንጋይና ጠጠርም በእርሻው ላይ አይራገፍም። የሲሚንቶ ጠለፋ ሲሠራ ግን አይፈርስም፤ ስለዚህ ቦዩ አፍ ላይ የሚዘጋ በር ከሌለ፣ ያ ሁሉ ሙላት በቦዩ ገብቶ ወደ ማሳ ይወርዳል። አዲስ ጠለፋ እንሥራላችሁ ሲባሉ፣ በሩ የት እንደሚሆን፣ ሌሊት ደራሽ ሲመጣ ማን እንደሚዘጋው፣ የተጠራቀመውንም አሸዋ የሚያጥበው ሌላ በር ከጎኑ እንዳለ ይጠይቁ። የአሸዋ ማጠቢያ በር የሌለው ጠለፋ በጥቂት ክረምት ጀርባው በአሸዋ ይሞላና ውሃው ወደ ቦዩ መግባቱን ትቶ በላዩ ያልፋል።

በግድብና በጠለፋ መካከል ያለው ልዩነት የዛሬ ብቻ አይደለም። በየመን አገር የነበረው ስመ ጥሩው የማሪብ ግድብ፣ ግድብ ይባል እንጂ ዋናው ሥራው የደራሹን ውሃ ከፍ አድርጎ በግራና በቀኝ ወዳሉት እርሻዎች ማከፋፈል ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት መካከል አገሩን ይገዛ የነበረው፣ ከአክሱም ሠራዊት ወገን የነበረው አብርሃ፣ ፈርሶ የነበረውን ይህን ግድብ እንዳስጠገነው በድንጋይ ላይ አስጽፎ ትቷል። በዚያው መቶ ዓመት ተመልሶ ፈረሰ። ያን ያህል የታወቀ ሥራ እንኳ ጥገናው ሲቋረጥና ደለሉ ሲበዛ አልቆመም።

‹‹ክትር›› ከሁለቱም ይለያል። ክትር የሚሠራው በወንዝ ላይ ሳይሆን ጎርፍ በቆረሰው ቦረቦር ውስጥ ነው። ሥራው ውሃውን ማዝገም ነው፤ ሲዘገይ ደለሉን ይጥላል፣ ቦረቦሩም እየሞላ ይሄዳል። ክትር ሲሠሩ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አናቱ በመሐል ዝቅ፣ በሁለቱ ጫፍ ከፍ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ወይም መሐሉ ከፍ ካለ ውሃው በጎኑ ዞሮ አፈሩን ይበላና አዲስ ቦረቦር ያወጣል። ርቀታቸውን ለመወሰን ደግሞ በውሃ ልክ ይለኩ፤ የላይኛው ክትር እግርና የታችኛው ክትር አናት እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ልክ ነው። አንድ ትልቅ ክትር ከመሥራት ብዙ ትንንሽ ክትር መሥራት ይሻላል።

ወደ ዳርቻ መከላከያ እንመለስ። ጠለፋ ወንዙን ያቋርጠዋል፤ የዳርቻ መከላከያ ግን ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ከአፈር ተከምሮ የሚሠራውን በመሥሪያ ቤት ዳይክ ይሉታል። ድንጋይ በሽቦ ሣጥን ተሞልቶ የሚሠራው ደግሞ ‹‹ጋቢዮን›› ነው። የተለመደው ሣጥን 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድና 1 ሜትር ቁመት ስላለው፣ 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈጃል። ድንጋዩ ጠንካራና ከሽቦው ዐይን የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ትንንሹ ከገባ ሙላቱ አንድ በአንድ እያወጣ ሣጥኑን ባዶ ያደርገዋል። አፈር ቀላቅሎ መሙላትም ራስን ማታለል ነው። አጥር ለማጠር ብሎ ሽቦውን የሚቆርጥ ጎረቤት ካለ፣ የቆረጠው የራሱንም መሬት አጥር መሆኑን ይንገሩት።

ጋቢዮን አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ከላይ ተመትቶ አይደለም፤ ከእግሩ ሥር ተቆፍሮ ነው። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ወንዝ በሚሞላበት ሰዓት ወለሉን እየቆፈረ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሙላቱ ሲጎድል ደግሞ የቆፈረውን በአሸዋ መልሶ ይደፍነዋል። ስለዚህ በጥር ወር የምናየው የወንዝ ወለል የነሐሴው ወለል አይደለም። በጥር አሸዋው ላይ የተቀመጠ ጋቢዮን በነሐሴ አየር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። መሠረቱ ወደ ታች እንዲገባ፣ ከፊቱም እንደ ፍራሽ ጠፍጣፋ የሆነ የድንጋይ ሣጥን በወለሉ ላይ እንዲነጠፍ ይጠይቁ፤ ወለሉ ሲቆፈር ፍራሹ አብሮ እየጎበጠ እግሩን ይሸፍነዋል። ወጪው ይበዛል ተብሎ መሠረቱ ከሚቀነስ፣ ርዝመቱ ቢቀነስ ይሻላል የሚል አሳብ አለኝ።

ከዳርቻው ወደ ወንዙ ውስጥ የሚገባ አጭር ካብም አለ። ውሃውን ከዳርቻው ገፍቶ ወደ መሐል ይመልሰዋል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን የተገፋው ውሃ የት እንደሚሄድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ረዝሞ ከተሠራ ሙላቱን ወስዶ የማዶውን ሰው ዳርቻ ያስበላዋል። በዚህ ምክንያት ለዘመናት በሰላም በኖሩ ጎረቤታሞች መካከል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ዳርቻ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማዶዎቹ ሰዎች ተጠርተው ቦታውን ይዩ፤ ቃላቸውም ይጻፍ።

ድንጋይና ሽቦ ለሌለው ሰው የዝሆን ሣር፣ ሸምበቆና ቬቲቨር በዳርቻው ላይ ሲተከሉ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል። የኀይለኛ ሙላት ግጭት ባይችሉም ትንሹን ይችላሉ። እስከ አፋፉ ድረስ ማረስ ግን ይቅር፤ አንድ ትልም ለመጨመር ተብሎ የሚታረሰው አፋፍ በክረምቱ ብዙ ትልም ይዞ ይወድቃል።

ከማሳው በላይ የሚሠሩትን ባጭሩ እንለፋቸው፤ አብዛኛው ገበሬ በየዓመቱ በተፋሰስ ሥራ ላይ ስለሚወጣ ያውቃቸዋል። ‹‹ተፋሰስ›› ማለት ዝናቡ ወርዶ ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበት አገር ሁሉ ነው። ‹‹እርከን›› ውሃውን በተዳፋቱ ላይ እየያዘ ያሰርገዋል፤ በይፋት ገደላ ገደል የአርጎባ ገበሬዎች በድንጋይ ሲሠሩት የኖሩ ስለ ሆነ ትምህርቱን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም። ‹‹የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ›› ከእርሻው በላይ በግድም ተቆፍሮ ከጋራ የሚመጣውን ተቀብሎ ወደ ጎን ይወስደዋል። ‹‹ፈሰስ›› ደግሞ በማሳው ውስጥ በሞፈር የሚወጣው የውሃ መሄጃ ነው። ፈሰስን ቁልቁል ያወጣ ሰው ቦረቦርን በገዛ እጁ ጀመረ ማለት ነው። መቀልበሻ ቦይና ፈሰስ መጨረሻቸው የት እንደሆነ ሳይታወቅ አይቆፈሩ፤ የእርስዎን ጎርፍ ለታችኛው ሰው ማውረድ መከላከል አይባልም።

አሁን ወደ መስኖ እንግባ። ጠለፋው የሚቀመጥበትን ቦታ በተመለከተ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የሚበላውን ዳርቻ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ የቦዩ አፍ ግን ዓለት ወይም ጽኑ መሬት ከተገኘ በዚያ በኩል፣ በመታጠፊያው ውጭ ቢሆን ይሻላል። ወንዝ ሲታጠፍ በወለሉ ላይ የሚንከባለለው አሸዋና ጠጠር ወደ ውስጠኛው ዳርቻ ይሄዳል፤ በውጭ በኩል የሚቀረው ውሃ ከአሸዋ የጠራ ነው። በሚሞላው ዳርቻ ላይ አፉን የከፈተ ቦይ በየሳምንቱ አሸዋ ሲጠረግለት ይኖራል።

ከአፉ የሚነሣው ‹‹ዋና ቦይ›› ነው፤ ከእርሱ ‹‹መጋቢ ቦይ›› ይወጣል፤ መጋቢው ወደ ማሳው ትልም ያደርሳል። በአፈር ቦይ ላይ ቁልቁለቱ ብዙ መሆን የለበትም፤ በ1000 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ለአብዛኛው አፈር ይስማማል። ከዚህ እጅግ ከበዛ ውሃው ቦዩን ይቆፍረዋል፤ እጅግ ካነሰ ደለሉን እየጣለ ይደፍነዋል። በዐይን ግምት አይቆፍሩ፤ ዐይን በተራራ አገር ይሸፍጣል። በገመድ ላይ የሚንጠለጠል የውሃ ልክ ከግብርና ባለሙያው ዘንድ ይገኛል።

‹‹ደለል›› ክፉም ደግም ነው። በቦይ ውስጥ ሲሆን ጠላት ነው፤ በማሳ ላይ ቀጭኑ ሲሰራጭ ግን ማዳበሪያ ነው። በበጋ ከሚፈሰው ጥሩ ውሃ ይልቅ በክረምት መጀመሪያ የሚመጣው ቀይ ውሃ ማሽላውን የሚያወፍረው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ‹‹የጎርፍ መስኖ›› ሲል የሰማ ሰው አይደንግጥ። ጎርፉን በጠለፋ ይዞ፣ በዝቅተኛ የአፈር ድንበር በተከበበ ማሳ ላይ አሳርፎ፣ እርጥበቱንና ደለሉን መጠቀም ማለት ነው፤ በየመንና በፓኪስታንም ከጥንት ጀምሮ ይሠራበታል።

ባለሙያው ‹‹የፍሰት መጠን›› ካለ፣ በአንድ ሰከንድ ስንት ሊትር ውሃ ያልፋል ማለቱ ነው። ይህን እርስዎም መለካት ይችላሉ። ቀጥ ባለ ቦይ ላይ 10 ሜትር ይለኩና በሁለቱ ጫፍ ችካል ይትከሉ። ደረቅ ቁራጭ እንጨት ከላይኛው ችካል ላይ ጥለው እስከ ታችኛው የሚፈጅበትን ሰከንድ ይቁጠሩ። ለምሳሌ የውሃው ወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ እንጨቱም 10ሩን ሜትር በ20 ሰከንድ ቢሄድ፣ ውሃው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል። ወርዱን በጥልቀቱ፣ የተገኘውንም በፍጥነቱ ሲያባዙ በሰከንድ 60 ሊትር ይሆናል። የላዩ ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ከመቶው 80ውን ብቻ ይውሰዱ፤ 48 ሊትር ነው። ይህ ውሃ በአንድ ሰዓት ከ170 ሜትር ኩብ ይበልጣል። በአንድ ጥማድ፣ ማለት በሩብ ሄክታር ላይ ሳይባክን ቢሰራጭ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይሆናል። ግማሹ በመንገድ ቢሰርግ እንኳ የሚቀረው ለአንድ ጊዜ የሽንኩርት ማጠጫ ይበቃል። እንግዲህ ለአንድ ጥማድ ሽንኩርት ሦስት ሰዓት ውሃ የሚይዝ ሰው ማሳውን እያሰጠመ፣ የሰው ተራ እየበላ ነው።

ስለ ተራ ካነሣን ዘንድ፣ በቦዩ ላይ ‹‹ራስጌ›› እና ‹‹ግርጌ›› የሚባሉት ሁለት ቃላት የብዙ ጠብ ምንጭ ናቸው። ራስጌ ያለው ውሃው መጀመሪያ ይደርሰዋል፤ ግርጌ ያለው የተረፈውን ይጠብቃል። በአማራ አገር በብዙ ስፍራ ተራውን የሚያከፋፍለው ‹‹የውሃ አባት›› ነው። ዛሬ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ስለሚጽፍ፣ የውሃ አባቱ በቃል ይዞት የኖረው ልማድ በዚያ ውስጥ በትክክል መግባቱን ማየት የአባላቱ ድርሻ ነው። ከተቻለ ውሃ በሚያንስበት በጥርና በየካቲት ተራው ከግርጌ እንዲጀምር መስማማት ክርክርን ያበርዳል።

በደንቡና በውሉ ላይ ሲፈርሙ የሚከተሉትን ቃላት በጥንቃቄ ያዳምጡ። ‹‹ጠረጋ›› ደለልና ሣር ከቦይ ማውጣት ነው፤ ይህ ዘወትር የተጠቃሚው ሥራ ነው። ‹‹ጥገና›› የተሰነጠቀውንና የተበላሸውን ማደስ ነው። ‹‹መልሶ ግንባታ›› ግን የፈረሰውን እንደ አዲስ መሥራት ነው፤ ይህን ገበሬ ብቻውን አይችለውም። ወረቀቱ ሦስቱንም ባንድነት ‹‹ጥገና በተጠቃሚው ይሸፈናል›› ብሎ ከጠቀለላቸው፣ ሙላት ጠለፋውን ይዞ በሄደ ጊዜ ባለ ዕዳው እርስዎ ይሆናሉ። ‹‹የኅብረተሰብ ተሳትፎ›› የሚለውም መልካም ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ክፍያ የሚሰጥ ጉልበት፣ ድንጋይና አሸዋ ማለት ነው። ስንት ቀን፣ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም የሚያምነውን ጎረቤት ይዞ ይቅረብ።

‹‹ማጠንፈፊያ ቦይ›› ብዙ ጊዜ የሚረሳ ቃል ነው። ውሃ ማስገባት ብቻ ሳይሆን የተረፈውንም ማስወጣት ያስፈልጋል። ውሃ የቆመበት ሽንኩርት ይበሰብሳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ጨውን ነው። በሞቃት አገር ውሃ ከመሬት በታች ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ወደ ላይ ይወጣና ይተናል፤ የያዘው ጨው ግን በመሬቱ ፊት ይቀራል። ከእኛ በታች በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ በአሚባራ፣ ለጥጥ ከለማው ሰፊ መሬት ብዙው በዚህ ምክንያት ተበላሽቷል። በማሳዎ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነጭ ነገር እንደ አመዳይ ሲታይ፣ ውሃ አይጨምሩበት፤ ማጠንፈፊያ ቆፍረው ባለሙያውን ይጥሩ።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሊሠራ የሚገባው አንድ ሥራ ‹‹የሙላት ምልክት›› ነው። መሐንዲስ የመከላከያውን ቁመት የሚወስነው ያለፈው ሙላት የት እንደ ደረሰ ጠይቆ ነው። ‹‹እስከዚያ ዛፍ ድረስ መጥቶ ነበር›› ማለት አይበቃውም፤ ዛፉ ላይ እስከ የት? ስለዚህ ሙላቱ በጎደለ ማግሥት፣ ጭቃና ገለባ የተጣበቀበትን መስመር በዛፍ፣ በዓለት ወይም በቤት ግድግዳ ላይ ፈልገው በቀለም ያስምሩበት፤ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉበት። ቀለም ከሌለ በመጥረቢያ ጫፍ ይቁረጡት። ዝናብ ሳያጥበው በዚያው ሳምንት ለልማት ጣቢያው ሠራተኛ ያሳዩት፤ እርሱም በመዝገቡ ያስገባው።